ጎሬ ላይ አንገቴ የተገለጠ ዕለት

አንገቴ ላይ ቀዳዳ አለኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ስድስት ወር ሙሉ ደብቄው ሊገድለኝ ስለነበረ ነው። ከማንቁርቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ በውስጡም ቱቦ አለ። እናንተ በአፍንጫችሁ የምትስቡትን አየር እኔ የምስበው በሱ ነው። አፍንጫዬ አሁን ሥራው መነጽር መሸከም ብቻ ሆኗል።

ከዚያ በፊት የምታወቀው በአፌ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተርጓሚ ነበርኩ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ባለሱቅና አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ሲካሰሱ፣ መካከላቸው ቆሜ የአንዱን ቃል ለሌላው አደርሳለሁ። ሳደርስ ከራሴም ጥቂት እጨምርበት ነበር ብለው የሚያሙኝ አሉ። ሐሜት አይደለም፣ እጨምር ነበር። ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር አንዳንዴ በጣም ደረቅ ነው።

አደጋው የደረሰብኝም በአፌ ምክንያት ነው። የባለቤቴ የብርቄ ወንድም ዳሪሙ ውስጥ ንብ ያነባል። በዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቁት ከሄዱት እንግዶች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ቀፎ ያስራል፣ እኔ ከታች ሆኜ ማንም ሳይጠይቀኝ አመራር እሰጣለሁ።

«ወደ ግራ አድርገው። ገመዱን ጠበቅ።»

«ጋሼ፣ ከሥሩ ዞር ይበሉ» አለኝ ከላይ።

«አንተ እሰር፤ እኔ የቆምኩበትን አውቃለሁ» አልኩት።

በትክክል አውቅ ነበር። የቆምኩት ከቀፎው ሥር ነው። ባዶ ቀፎ ነበር የወረደብኝ፤ ማር ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ አፌ ጣፍጦ እወድቅ ነበር።

የሚቀጥለውን የሰማሁት ከሰው ነው። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ መቱ፣ ከመቱ ጅማ። ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሌላው ሰው ስም ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል፤ እኔ መተንፈስ ረሳሁ። ብዙ ቀን ማሽን ተነፈሰልኝ። በአፌ የገባው ቱቦ ሲቆይ የአየር መንገዴ ቆስሎ ጠበበ። ለአንድ ሁለት ቃል የሚሆን ትንፋሽ ያሳልፋል እንጂ ለመኖር የሚበቃ አያሳልፍም። ስለዚህ ከጠበበው በታች አንገቴን ከፍተው ይህን ቱቦ አስገቡልኝ።

ልንወጣ ስንል አንዲት ነርስ እኔንና ብርቄን አስቀምጣ አስረዳችን።

«አባባ፣ ቱቦው ድርብ ነው። የውጪው አይነካም። የውስጡ ጠዋትና ማታ ወጥቶ ይታጠባል፤ አክታ ከደረቀበት ይደፈናል። ከተደፈነ አትደንግጡ፣ የውስጡን ዞር አድርጎ መንቀል ነው፣ ወዲያው አየር ያገኛሉ። በወፍራም ልብስ ደግሞ እንዳይሸፍኑት።»

በእጄ የመናገር ምልክት አሳየኋት።

«የቱቦውን አፍ በጣትዎ ሲይዙት ጥቂት ጥቂት ያወራሉ» አለች። «ብዙ ግን አይሆንም።»

ይህን ስትል ብርቄን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። እስከ ዛሬ ኀዘን ነው ትላለች።

መቱ ገብቼ በመስተዋት ራሴን ሳይ ግን ቀልዱ ጠፋኝ። ሳስል አክታዬ የሚወጣው በአንገቴ ነው። ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይታያል? ወፍራም ሻርፕ አስገዛሁና ተጠመጠምኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «የጉሮሮ ሕመም ነው» እላለሁ። መናገር ሲያምረኝ እጄን በሻርፑ ሥር ሰድጄ ቀዳዳውን እይዛለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ጉሮሮዬን የማሽ ይመስለዋል ብዬ። ነርሷ አትሸፍን ያለችውን በስድስት ወር ውስጥ ከቤቴ ውጪ አንድ ቀን እንኳ አልፈጸምኩም።

እንዲህ እያለሁ ነው የእህቴ ልጅ ቶሌራ ሚስት ያማረው። እኛው ግቢ ውስጥ የሚኖር አስተማሪ ነው። ልጅቷ ሲፋን ትባላለች፣ ጎሬ ናት። ሽማግሌ ይላክ ሲባል ቶሌራ «ጋሼ ተናጋሪ ካልሆነ ይቅርብኝ» አለ። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚናገር ልጅ ሚስት ይገባዋል አልኩና ተስማማሁ።

ሁለት ሰዎች ተጨመሩልኝ። አንዱ ገለታ ነው፤ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጸሎቱ ረጅም። ሌላው ሸምሱ ነው፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌ፣ ትዕግሥቱ አጭር። ሁለቱም የሠላሳ ዓመት ወዳጆቼ ናቸው።

በጠዋት ብርቄ የፈላ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች።

«ና፣ ቱቦውን ልጠብልህ።»

«ስመለስ።»

«ትናንት ማታም ደከመኝ ብለህ አልታጠበም።»

«ብርቄ፣ ሚኒባሱ ይሄድብናል።»

«እንግዲያው ቦርሳውን ያዝ።» ቦርሳው ውስጥ ብሩሽ፣ የፈላ ውሃ በጠርሙስና ትርፍ ቱቦ አለ። ችግሩ ቦርሳው የሷ ነው፤ ቀይ አበባ አለበት።

«አበባ ያለበት ቦርሳ አንጠልጥዬ ልጅ ልጠይቅ?»

«አንተ ሰውዬ» አለችና ዝም አለች። ብርቄ አንተ ሰውዬ ብላ ዝም ካለች መጨረሻው ጥሩ አይደለም። ይህንንም አውቄ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ተቀመጥን ከበስተኋላችን አንዲት ሴት «ወንድሞቼ፣ መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ንፋስ ይመታኛል» አለች። ተዘጋ። በሌላኛው ወገን የነበረው ሰውም ሳይጠየቅ የሱን ዘጋ። ታውቁታላችሁ፣ እኛ ከመኪና አደጋ ይልቅ የምንፈራው የመኪና መስኮት ነው። በዚያ ሙቀት ቱቦዬ ውስጡ እየደረቀ እንደሆነ ይሰማኛል። እኔ ግን ስለሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ብዙ መናገር አልችልም፤ ታዲያ ተናጋሪነቴን እንዴት ልወጣው? አንድ ዘዴ መጣልኝ።

«ስሙኝ» አልኳቸው እጄን ሻርፑ ሥር ሰድጄ። «ዛሬ አላበዛም። አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ። ከዚያ ዝም።»

«ማን ነው ዝም የሚለው?» አለ ሸምሱ።

«እኔ። እሺ እስኪሉ አንቀመጥም። እናንተም አንዲት ቃል አትተንፍሱ። ዝምታው ይከብዳቸዋል።»

«አንተ ዝም ስትል አንድ ጊዜ አይቼሃለሁ» አለ ሸምሱ፣ «ራስህን ስተህ ነበር።»

«ተው ሸምሱ» አለ ገለታ፣ «ሰው ይለወጣል። እኛ እንታዘዘው።»

እንዲህ ብለው ቃል ገቡልኝ። በራሴ አንገት ገመድ ያጠለቅኩት እዚያ ላይ ነው።

ጎሬ እንደ ወረድን ጭጋግ ነበር፣ ካፊያም ያካፋ ነበር። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ግማሹ ላይ ቱቦዬ ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን ፉጨት ናት። ብርቄ ይህችን ፉጨት ስትሰማ ከጎረቤትም ቢሆን ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ቀስ ብዬ ሳልኩ፤ አልወጣም። ከአንድ አጥር ጥግ ገባ ብዬ የውስጡን ብነቅለው፣ በመሀረብ ብጠርገው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ሁለቱ አብረውኝ ናቸው፤ ከላይ ደግሞ የልጅቷ ዘመዶች ከበሩ ቆመው ያዩናል። ትንሽ አየር ይገባል፣ እስከዚያው ይበቃኛል አልኩ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ብቻ።

የሲፋን አባት አቶ ነገራ በቡና ንግድ የኖሩ፣ ረጅም፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ከአጠገባቸው ቆመዋል። ዘመድ አዝማድ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። ማሎ ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ነገራ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ገለታ። ይህ ወጉ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

ጣቴን ሻርፑ ሥር ሰደድኩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ስለ ቶሌራ ዲግሪ፣ ስለ አባቱ መሬት፣ ስለ ዘሩ፣ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ነበር። የወጣው ይህ ብቻ ነው፤ «አቶ ነገራ። ልጅዎን። ለልጃችን። ስጡን።»

ጣቴን አንሥቼ አየር ሳብኩ። በቀጭን ሸምበቆ ወፍራም አጥሚት እንደ መሳብ ነበር። ጥቂት መጣ፣ ቆመ።

«ውይ፣ ጋሼን ጉንፋን ይዟቸዋል» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ድምፃቸው እንዴት ነው የተዘጋው። በሩን መልሱት። መስኮቱንም። በዚህ ጭጋግ እንዴት ይዛችኋቸው መጣችሁ?»

በሩ ተዘጋ። መስኮቱ ተዘጋ። ወይዘሮ አስካለ ጓዳ ገብተው ቡልኮ ይዘው መጡ፤ አዲስ፣ ድርብ፣ ሁለት ሰው የሚያሞቅ። ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና ጫፉን አንገቴ ላይ ሁለቴ አዞሩት፣ ከዚያ በደንብ ወሸቁት። «እንዲህ ነው» አሉ። እኛ አገር የታመመን ሰው ማክበር ማለት ማልበስ ነው። ክብር ደግሞ ተመልሶ አይሰጥም። እጄ ቡልኮው ውስጥ ቀረ። በአንገቴ ላይ ሻርፕ፣ በሻርፑ ላይ ቡልኮ፣ በሁሉም ሥር ደግሞ የተደፈነ ቱቦ።

አቶ ነገራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥያቄያችሁን ሰምተናል። ደስ ብሎናል። ዘመድ እናማክርና በወሩ ብትመለሱ።»

ይህም ወጉ ነው። «እናመሰግናለን» ተብሎ ይኬዳል። እኔ ግን ምንም አላልኩም። ማለት አልቻልኩም። ገለታና ሸምሱ ቃላቸውን አክብረው ወለል ወለሉን ያያሉ።

«ወር በዛ መሰለኝ» አሉ አቶ ነገራ ጥቂት ቆይተው። «በሁለት ሳምንት ይሁን።»

ዝም።

አየር ስታጣ መጀመሪያ የሚሄደው ጉልበት አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ትልቅ ትልቅ ሐሳብ ነው። የቆምኩበትን ምንጣፍ አየሁ፤ አንበሳ አለበት። ብርቄን አሰብኩ። ሰው ፊት አንገቴን ገልጬ በአክታ ከምዋረድ አንድ ደቂቃ ልታገሥ አልኩ። ቀጥሎም አንድ ደቂቃ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

አቶ ነገራ እንባዬን አዩ። «ጋሼ፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?»

ዝም። ሸምሱ በጎን አየኝ፤ በዓይኑ አድናቆት ነበር።

«ሰውዬው ጽኑ ናቸው» አለ ከተቀመጡት አንዱ በሹክሹክታ።

«እሺ፣ በሳምንቱ» አሉ አቶ ነገራ። እኔ እንደ ቆምኩ ነኝ። «ነገ ይሁን እንግዲህ። አባቴ፣ በናትዎ ይቀመጡ።» አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልነሣ አውቃለሁ። ላቡ ከግንባሬ እስከ አገጬ ወረደ። «እንዲህ ያለ ልመና አይቼ አላውቅም» አሉ አቶ ነገራ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «በቃ። እሺ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ።»

ሸምሱ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «አሉ እኮ። ተቀመጥ አሁን።»

ተቀመጥኩ። ወንበር ላይ አይደለም። አንበሳው ላይ።

ከዚያ የማስታውሰው የወይዘሮ አስካለን ድምፅ ነው። «ከንፈራቸው ጠቁሯል። ይህ ጉንፋን አይደለም።» ሸምሱ ደግሞ፣ «አንገቱን። አንገቱን ክፈቱለት» ይላል። እሱ አንገቴን ከየት አወቀው? ይህን እንኳ ለመገረም አየር አልነበረኝም። ያለበሱኝ እጆች ቡልኮውን ገፈፉት፤ ሻርፑን ሲጎትቱት ቆዳዬን ፋቀኝ። አንድ ሰው «ወይኔ፣ ቀዳዳ» አለ።

የመጨረሻ ኀፍረቴ ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ። እጄ ነጻ ወጥታ መጀመሪያ የሄደችው ሻርፑን ለመመለስ ነበር። እየሞትኩ እኮ ነው። ወይዘሮ አስካለ ሻርፑን ነጠቁኝ። ያኔ ጣቶቼ ቱቦውን አገኙ፣ የውስጡን ዞር አደረግሁና ነቀልኩት።

በውስጡ የደረቀው ድፍን ነገር ከኋላው በመጣው ሳል ተተኮሰና ሄዶ አረፈ። ያረፈው የአቶ ነገራ ቀኝ ጫማ ጫፍ ላይ ነው።

አየሩም ገባ። እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም፤ እናንተ ከተወለዳችሁ ጀምሮ ስለምትጠጡት ጣዕሙ ጠፍቶባችኋል። ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ ጠጣሁ፣ ጠጣሁ። አንድ ሰው መስኮቱን ከፈተ።

ቀና ስል ቤቱ ሁሉ አንገቴን ያያል። አቶ ነገራ በመሀረባቸው ጫማቸውን በጥንቃቄ ጠረጉ፣ መሀረቡን አጣጥፈው አስቀመጡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

ገለታ መለሰ። «ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ የሚተነፍሰው በዚህ ነው።»

ወደ ገለታ ዞርኩ። አሁን የምደብቀው የለኝምና ጣቴን በሰው ፊት ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። «ታውቁ ነበር?»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አለ ሸምሱ። «ስትስቅ ያፏጫል።»

«እኔ በየእሑዱ እጸልይለታለሁ» አለ ገለታ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ያልነገርከንን እኛ እንዴት እንነግርሃለን?» አለ ሸምሱ። ከልቡ ነው። «ደግሞ ዛሬ ዝም በሉ አልከን። ዘዴው የሚሠራ መሰለን። ሠርቶም ነበር።»

አቶ ነገራ ይህን ሁሉ ሰምተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «እንግዲያው እኔም ልናገር። ያልኩትን እሺ አንሥቻለሁ። እሺ ያልኩት ሰውዬው ለልጁ ሲሉ ያለቀሱ መስሎኝ ነው። ለካ አየር አጥተው ነው። ደግሞም እዚህ ቤት ለምስክርነት መጥተው የራሳቸውን አንገት የደበቁ ሽማግሌ፣ ስለ ልጁ ምን እንደ ደበቁ በምን አውቃለሁ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ሳጋንን ኖሬ፣ ቃል አጥቼ ተቀመጥኩ። ያንን ልጅ ሚስት ያሳጣሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ሻርፕ።

ወይዘሮ አስካለ ግን የሚያዩት እጄ ላይ ያለውን ቱቦ ነበር። «ይህ አሁን ታጥቦ መመለስ አለበት አይደል?» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ሲፋን፣ ውሃ አፍይ።» ከዚያ አጎንብሰው ጠየቁኝ። «ቤትዎ ማን ነው የሚያጥብልዎት?»

«ሚስቴ» አልኩ።

«ብቻዋን? ሴትዮዋ አይወጡም፣ አይታመሙም?»

«ስትወጣ ልጁ ያጥባል።»

«የትኛው ልጅ?»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ልጠይቅለት የመጣሁት።»

አቶ ነገራ እጃቸውን ፈቱ። «ቶሌራ?»

ያኔ ነገርኳቸው፤ ሦስት ቃል ተናግሬ፣ ጣቴን አንሥቼ ተንፍሼ፣ ሦስት ቃል ጨምሬ። ቤቱ ሁሉ ጠበቀኝ። ብርቄ ዳሪሙ ወንድሟ ጋ ስትሄድ፣ ለቅሶ ቤት ስታመሽ፣ ቶሌራ ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ አፍልቶ ይመጣል። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ቱቦውን በብሩሽ አጥቦ ወደ መስኮቱ ይዞ በአንድ ዓይኑ ያይበታል፤ ማዶው ጥርት ብሎ ካልታየው እንደገና ያጥባል። አንድ ቀን ፊቱ ላይ ሳልኩበት። ፊቱን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ኢላማህ ተሻሽሏል» አለኝ። ለማንም እንዳይናገር አስምዬው ነበር።

«ለኔም አልነገረኝም» የሚል የሴት ድምፅ ከጓዳ በር ተሰማ። ሲፋን ናት፤ የውሃውን ዕቃ ይዛ ቆማለች።

«ምስጢር ይጠብቃል ማለት ነው» አለ ሸምሱ ፈጥኖ።

«ወይም ይደብቃል» አሉ አቶ ነገራ።

«የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ የጠበቀው ቃሉን ነው።»

የፈላው ውሃ እስኪበርድ ተጠበቀ። ወይዘሮ አስካለ ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ይዘው አጠቡት፣ እንደገናም በሌላ ውሃ። ሲጨርሱ አቶ ነገራ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ» አሉ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩበት። ብዙ ቆዩ። ጎሬ ከዚያ ጉብታ ላይ በቱቦ ስትታይ ምን እንደምትመስል እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

«እንዲህ ነው የሚያየው?» አሉ ሳይዞሩ።

«እንዲህ ነው።»

መጥተው ሰጡኝ። ቱቦውን መልሼ ስቆልፍ ፊታቸውን አላዞሩም። «አሁን ተቀመጡ» አሉ። «ስታስለቅሱኝ ያልኩት ይቅር። በእርጋታ የምለው ይህ ነው፤ ለልጁ እሺ ብያለሁ። ለእርስዎ ግን ቅሬታ አለኝ። ሠርጉ ላይ ያንን ሻርፕ ለብሰው እንዳላይዎት።»

ዲግሪውን አልጠየቁም። የአባቱን መሬት አልጠየቁም። ሌሊቱን ሙሉ የለማመድኩትን ሙገሳ ማንም ሳይሰማው ቀረ። ለልጁ የነበረኝን ዋና ምስክር በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ፉጨቱ እንዳይሰማ አፍኜ ነበር ይዤው የመጣሁት።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ቱቦዬም አለን። አንገቴ ላይ አሁን የማደርገው እርጥብ ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ልጆች መንገድ ላይ አስቁመው «ምንድን ነው?» ይሉኛል፣ አሳያቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ሌላ ልጅ ጠርቶ ይመለሳል። የአበባውን ቦርሳ እኔው አነግታለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አንገቴን አሳይቼ መስኮት አስከፍታለሁ፤ ተቀይመውኝ የሚጀቦኑ አሉ። እውነት ለመናገር አንዳንዴ አየር ሳያስፈልገኝም አስከፍታለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የታመመ ሰው ስታዩ ልብስ ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁት። በደግነት የታፈነ ሰው «አፈናችሁኝ» ለማለት በጣም ይከብደዋል። የምትደብቁት ሕመም ያላችሁ ደግሞ፣ ከማን እንደምትደብቁት እስቲ አስቡት። እኔ ስድስት ወር የደበቅኩት ከሚያውቁ ሰዎች ነበር። እነሱ ላለማወቅ ሲደክሙ፣ እኔ ላለመታወቅ ስደክም፣ መካከላችን ላይ አየሩ አለቀ። ስስቅ የማሰማውን ፉጨት ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የዚያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደ ገባሁ።

መቱ ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ሸምሱ ባጃጅ ሊጠራ ሲል በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት። ከመናኸሪያው በዋናው መንገድ፣ በገበያው በኩል፣ አንገቴን ገልጬ ሄድኩ። ገለታና ሸምሱ ግራና ቀኝ አጅበውኛል። ሰላም ያሉኝ ሁሉ መጀመሪያ አንገቴን፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሌላ ነገር፣ ከዚያ ዓይኔን ያያሉ። ሦስተኛው ላይ እኔም ሰላም እላለሁ።

ብርቄ ከግቢው በር ቆማ ነበር። ልጅቷ ተሰጠች ወይ ብላ አልጠየቀችም። አንገቴን አየች፣ ሁለቱን ሰዎች አየች፣ የመጣሁበትን መንገድ አየች።

«ማን አየህ?» አለችኝ።

«ሁሉም» አልኳት።

ከአደጋው ወዲህ ማታ ማታ ቁጭ የምንለው በጓሮ ነበር፤ እኔ ሰው እንዳያየኝ ብዬ፣ እሷ ምንም ሳትል። ብርቄ ወደ ቤት ገባች። ሁለት ወንበር ይዛ ወጣችና ከደጃፉ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። አንዱ ላይ ቁጭ አለች፣ ሌላውን በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።